የዶርማችን የመድኃኒት ቆርቆሮ፦ ምን ላድርጋት?

ሦስተኛ ፎቅ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። የምማረው ቆላ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን የምጽፈው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ከርሜ ነው።

በዶርማችን ስድስት ልጆች ነን። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ የምትቀመጥ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አለችን። አንዱ ታሞ መድኃኒት ሲታዘዝለት፣ የተሻለው ቀን የተረፈውን እዚያ ይጨምራል። ሌላው ሲታመም ከዚያ ይወስዳል። ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም፤ የመድኃኒቶቹን ስም በቃሌ ስለያዝኩ ልጆቹ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ጉሮሮ ሲሆን አሞክሳሲሊን፣ ሆድ ሲሆን ሲፕሮ ወይም ሜትሮኒዳዞል፤ ኳስ ሜዳ ላይ የተላጠ ጉልበት ሲመጣ ደግሞ የቴትራሳይክሊኑን ሽፋን ከፍቼ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ እነሰንስ ነበር። ከጎረቤት ዶርም ሳይቀር በራችንን ያንኳኳሉ። ሰው የምረዳ ይመስለኝ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

በኅዳር አጋማሽ፣ ፈተና ደርሶብን ሳለ፣ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ጓደኛችን ታመመ። ማክሰኞ ማታ ብርድ ብርድ አለው፣ ራሱን ፈለጠው፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ተቆራረጠ። «ታይፎይድ ነው፤ አምናም እኔን እንዲህ ነበር ያደረገኝ» አለ አንዱ። ቆርቆሮዋ ውስጥ ሰባት ፍሬ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነበረች። ጠዋትና ማታ እንዲወስድ ሰጠሁት፤ ፓራሲታሞልም አከልኩበት። ሐሙስ ዕለት ላብ አጠመቀውና ትኩሳቱ ወረደ። ካፌ ሄዶ ምሳውን በላ። ዓርብ ማታ ብርዱ ተመለሰ። ቅዳሜ ያስመልሰው ጀመር። እሑድ ንጋት ላይ ስቀሰቅሰው በወንድሙ ስም ጠራኝ፤ የት እንዳለም አያውቅም። በብርድ ልብስ ጠቅልለን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን «ምን ወስዷል?» ብላ ነው። ሦስታችንም ዝም አልን። ደግማ ስትጠይቅ ነው የተናገርኩት። ደሙ ሲታይ ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው ወባ ነው፤ ወደ አንጎሉ መሄድ ጀምሮ ነበር። አርቴሱኔት በመርፌ ተሰጠው፣ አምስት ቀን ተኝቶ ወጣ። አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን። ሁለት ፈተናዎች ግን አምልጠውታል።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ የወባ ምርመራ ከዶርማችን የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ባለው ክሊኒክ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ቆርቆሮዋ አሁንም እዚያው ናት። ልጆቹም መጠየቃቸውን አልተዉም። ትናንት አንዱ ለጉሮሮው ጠይቆኝ «አልቋል» ብዬ ዋሸሁት። ምን ላድርጋት? ለልጆቹስ ምን ልበላቸው?

መድኃኒት ቀማሚ

ወንድሜ፣ ጓደኛህ በመዳኑ እግዚአብሔር ይመስገን። ራስህን አትግደል፤ የሆነውን ግን አጥርተህ ተረዳው። ሐሙስ ዕለት ትኩሳቱን ያወረደው ሲፕሮው አይደለም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚዋጋው ባክቴሪያን ነው፤ የወባ ተሕዋስ ደግሞ ባክቴሪያ አይደለም። የወባ ትኩሳት በባሕርዩ ይነሣል፣ ያልባል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። በዚያ ላይ ፓራሲታሞል ነበረው። ሰውን የሚያታልለው እንዲህ ያለው መሻል ነው። ጉንፋንም በሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ በአራተኛው ቀን አሞክሳሲሊን የጀመረ ሰው ግን ያዳነኝ እሱ ነው ብሎ ዕድሜ ልኩን ይምላል።

እኔ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ባለ መድኃኒት ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ተማሪው ይገባና «አሞክሳሲሊን አራት ፍሬ» ይላል። ለምን አራት? ኪሱ የፈቀደለት አራት ስለሆነ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ለሚወሰድ መድኃኒት አራት ፍሬ አንድ ቀን ከሲሶ ማለት ነው። እውነቱን ልናገር፣ የሸጥኩበት ቀን አለ። አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑን አውቃለሁ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ንም አንብቤዋለሁ። ግን «እኔ ብከለክለው የጎረቤቴ ይሸጥለታል» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አሁን አልሸጥም። አንዳንዱ ሰድቦኝ ይወጣል፣ አንዳንዱ ቆሞ ያዳምጠኛል።

ቆርቆሮዋን ሽንት ቤትም ገንዳም አትድፋት። መድኃኒቱ ከአፈርና ከውኃ ጋር ሲቀላቀል እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም ይለማመዱታል። ወደ ክሊኒካችሁ ፋርማሲ ውሰዳት፤ ጊዜው ካለፈበት መድኃኒት ጋር አብሮ እንዲወገድ ጠይቃቸው።

ቀጥ ያለ ነገር

ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ተማሪው ክሊኒክ ሲሄድ ምን ይገጥመዋል? ጠዋት 2 ሰዓት ካርድ ለማውጣት ይሰለፋል። 5 ሰዓት ላይ ተራው ይደርሳል። የላብራቶሪ ሙከራ አምልጦታል፤ መምህሩ ወረቀት ካላመጣህ አልቀበልህም ይለዋል። ገብቶ ሁለት ደቂቃ ይታያል፣ ያው አሞክሳሲሊን ተጽፎለት ይወጣል። ታዲያ እሱን ከቆርቆሮዋ ቢወስድ ልዩነቱ ምንድን ነው? ድሃ ተማሪ ከግቢ ውጭ ለግል ሐኪም የሚከፍለው የለውም። ጥፋቱን በሙሉ ልጆቹ ላይ ባንጭነው እላለሁ። አካሉም የራሱ ነው።

ነጭ ጋውን

ወንድሜ ቀጥ ያለ ነገር፣ ስለ ሰልፉ የተናገርከው እውነት ነው። በተማሪዎች ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝና በሌላው በኩል ያለውን ልንገርህ።

ፈተና ሲቃረብ ጠዋት በሩን ስከፍት አግዳሚው ሞልቶ፣ ቆመው የሚጠብቁት ከተቀመጡት ይበዛሉ። ሁለት ነርሶችና አንድ ጤና መኮንን ነን። ንፍጥና ሳል ይዞት የመጣውን ልጅ «ቫይረስ ነው፤ ትኩስ ነገር ጠጣ፣ ዕረፍ፣ ፓራሲታሞል ውሰድ» ስለው ፊቱ ይለዋወጣል። «ለዚህ ነው ሦስት ሰዓት የተሰለፍኩት?» ይላል። አንዷ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላው ወጥታለች። የሥራ ባልደረባዬ አንዳንዴ ክርክሩን ለማስቀረት ሲል ይጽፍላቸዋል። ስህተት መሆኑን ያውቃል፤ ደክሞት ነው። እኔም ደክሞኝ ያውቃል።

ልዩነቱ ምንድን ነው ላልከው ግን መልስ አለኝ። በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ጣቱን ወግቼ ወባ አያለሁ። ፔኒሲሊን አይስማማህም ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። በቀደም አንድ ልጅ ጓደኛው የሰጠውን አምፒሲሊን ውጦ ከንፈሩና ዐይኑ አብጦ፣ ትንፋሹ እያፏጨ ተሸክመው አመጡት። አድሬናሊን ባይኖረን ኖሮ ምን እንደምንሆን አላውቅም። በሕፃንነቱ ፔኒሲሊን አሳብጦት እንደነበር እናቱ ስልክ ላይ ነገሩን። ቆርቆሮ ይህን አይጠይቅም።

ዝምተኛዋ

ይህን በሌላ ስም ስለምጽፍ ይቅርታ። ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ስሸና ያቃጥለኛል፤ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል፤ ሆዴን ከታች ይወጋኛል። መጀመሪያ የያዘኝ አምና ነው። ወደ ክሊኒክ እንዳልሄድ አፈርኩ፤ ካርድ ክፍሏ ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ የክፍሌ ልጅ እህት ናት፤ ወሬው በአንድ ቀን ግቢውን ይዞራል ብዬ ፈራሁ። የዶርም ጓደኛዬ ሲፕሮ ገዝታ አመጣችልኝ፤ በሦስት ቀን ለቀቀኝ። ከአራት ወር በኋላ ተመለሰ፤ ያንኑ ገዛሁ። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ነው። አምስት ቀን ወስጄዋለሁ፤ ምንም አላለኝም። ትናንት ማታ ወገቤን በአንድ በኩል ያመኝ ጀመር። እባካችሁ፣ የሚጠነክር ሌላ መድኃኒት ስሙን የሚነግረኝ ሰው አለ?

ጠቅላላ ሐኪም

እህቴ ዝምተኛዋ፣ የመድኃኒት ስም አልነግርሽም፤ ስለ ጨከንኩብሽ እንዳይመስልሽ። የወገብ ሕመሙ ኢንፌክሽኑ ከፊኛ ወደ ኩላሊት እየወጣ ሊሆን እንደሚችል ይነግራል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ፤ ትኩሳት ወይም ማስመለስ ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን። የሽንት ባክቴሪያ በላብራቶሪ እንዲያድግ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እንዲፈተሽ ንገሪያቸው። ሲፕሮ አምስት ቀን መውሰድሽን አትደብቂ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ቧንቧቸው አጭር ስለሆነ ነው። የሚያሳፍር ምንም ነገር የለውም። ግቢው ውስጥ ካፈርሽ ከግቢ ውጭ ያለ ጤና ጣቢያም አለ።

ሲፕሮው አሁን ለምን እንደከሸፈ ልንገርሽ፦ ሁለት ጊዜ ሲወሰድ የሞቱት ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። የቀሩት የቻሉት ናቸው፤ አሁን የያዙሽ የእነሱ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። የዓለም ጤና ድርጅት ሲፕሮፍሎክሳሲንን አሞክሳሲሊን ካለበት ረድፍ ለይቶ በጥንቃቄ ሊያዙ ከሚገባቸው መድኃኒቶች ረድፍ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥ ያለ ነገር፣ «አካሉ የራሱ ነው» ያልከውን ግን አልቀበልም። ፔኒሲሊንን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ አቅርቦ ነበር። አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲያመው ፔኒሲሊን ከሱቅ ገዝቶ አሳንሶ ይወስዳል፤ የተለማመደውን ባክቴሪያ ለሚስቱ ያስተላልፋል፤ የምትሞተው ሚስቱ ናት። ስድስት ሰው በሚተኛበት ዶርም፣ በአንድ ኩባያ በሚጠጣበት ግቢ፣ ባክቴሪያህ የጓደኛህም ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሆነ ተገምቷል።

ስለ ጉሮሮም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚሰጣት አሞክሳሲሊን በአብዛኛው ለዚያ ስለሆነች። ሰው ሁሉ «ቶንሲል» የሚለው የጉሮሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ የቫይረስ ነው። ሳልና ንፍጥ አብሮት ካለ ወደ ቫይረስ ያደላል። ሳል ሳይኖር ብርቱ ትኩሳት፣ ቶንሲሉ ላይ መግል፣ አንገት ሥር የሚያም እብጠት ካለ ግን ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። እሱ ቀላል አይደለም፤ በልጅነትና በወጣትነት በቅጡ ሳይታከም ሲቀር የልብን በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ከዚያ ይነሣል። በአገራችን ሆስፒታሎች የልብ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ተኝተው የማያቸው ወጣቶች የዚህ ጠባሳ ናቸው። ያ ሕመም በአፍ በሚወሰድ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ሲታከም አሥር ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ከቆርቆሮዋ የሚወጣው አምስት ስድስት ፍሬ ለቫይረሱ ትርፍ፣ ለባክቴሪያው ጎዶሎ ነው።

የማይክሮስኮፕ ዐይን

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ «ታይፎይድ ነው» ያለችዋ ቃል አላስተኛ አለችኝ። ይህ ነገር ካልተነሣ ውይይቱ ጎዶሎ ነው።

ተማሪ ሁሉ በየሴሚስተሩ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ይላል። የተገኘበት በዊዳል (የታይፎይድ) እና በዌል ፊሊክስ (የታይፈስ) የደም ምርመራ ነው። ዊዳል ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። የሚያየው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ አካል ድሮ ያለፈ ሕመም ትቶት የሄደው ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ተሕዋስ ጋር ተመሳስሎም ሊመጣ ይችላል። በሽታው በብዛት ባለበት አገር ጤነኛ ሰዎችን መንገድ ላይ አስቁሜ ደማቸውን ብቀዳ ምርመራው ብዙዎቹን «አለባችሁ» ይላቸዋል። ወረቀቱ ላይ «1 ለ 160» የሚል ቁጥር ሲያይ ግን ማን ይከራከራል? ትኩሳቱ ወባ ይሁን፣ ግርሻ ይሁን፣ ተራ ጉንፋን ይሁን፣ ሲፕሮ ተይዞ ይወጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ምርመራም ሳያስፈልገው በራሱ ይገዛል፤ «አምናም እንዲህ ነበር ያደረገኝ» ይላል። የሦስተኛ ፎቅ ጓደኛ ላይ የደረሰው ከዚያች ወረቀት ነው የጀመረው። ጥፋቱ የእኛም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ታይፎይድ በእርግጥ የሚታወቀው ደም ተቀድቶ ባክቴሪያው ሲያድግ ነው። ይህን የሚሠሩ ላብራቶሪዎች ጥቂት ናቸው፤ አውቃለሁ። ባሉበት ቦታ ግን ደሙ ሊቀዳ የሚገባው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሁለት ፍሬ ከዋጡ በኋላ የመጣ ደም ብዙ ጊዜ ምንም አያበቅልም። ጠርሙሱን ቀን በቀን አያለሁ፤ ጥርት እንዳለ ይቀራል፤ ሕመምተኛው ግን እየባሰበት ነው። ሐኪሟ «ምን ወስዷል?» ብላ የጠየቀችው ልጆቹን ለመገሠጽ አልነበረም።

በዚያ ላይ ወባ በነዚህ ዓመታት እንደገና በርትቷል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል። በቆላ ግቢ፣ ከክረምት ማግሥት፣ ትኩሳት ካለ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

የደሴ እናት

ልጆቼ፣ ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አሉኝ፤ አንደኛው ቆላ ነው የደረሰው። የጻፋችሁትን ልጄ አነበበችልኝ። ልጄን ስሸኝ በሶውን፣ ጭኮውን፣ ቆሎውን ቋጥሬ፣ ከሻንጣው ጥግ ሁለት እሽግ አሞክሳሲሊን እጨምርለታለሁ። እናት የሌለበት አገር ቢያመው ብዬ ነው። እንግዲህ እሱን ላውጣ፤ በእሱ ፈንታ ምን ልቋጥርለት?

ነጭ ጋውን

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሞክሳሲሊኑን ያውጡና አጎበር ይጨምሩለት፤ ለቆላው ልጅ ከመድኃኒቱ ሁሉ እሱ ይበልጣል። ለሆዱ አራት አምስት ፓኬት ኦአርኤስ፤ ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በሚያስወጣው ውኃ ነው። ደም ካየ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ይምጣ። ለራስ ምታት አንድ እሽግ ፓራሲታሞል፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን በቀን ከስምንት ፍሬ አያሳልፍ። ማሩንና ዝንጅብሉን እርስዎ ከእኔ ያውቁታል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ከሆነ ደግሞ በወረቀት ጽፈው መታወቂያው ውስጥ ያድርጉለት።

ከማይን ወንዝ ማዶ

ከፍራንክፈርት ነኝ፤ ለማስተርስ ትምህርት መጥቼ ነው። የእማማን ሳነብ ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ የእኔም እናት ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አሞክሳሲሊን ትልክልኛለች። የመጀመሪያው ክረምት ጉሮሮዬን አሞኝ እዚህ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ጉሮሮዬን በእንጨት ዳሰሰችና ሻይ ጠጣ፣ ዕረፍ፣ በሳምንት ካልተሻለህ ተመለስ አለችኝ። የናቀችኝ መስሎኝ ተናድጄ ቤቴ ገባሁና እናቴ ከላከችልኝ አሞክሳሲሊን ሁለት ቀን ወሰድኩ። በኋላ የገባኝ ለሁሉም እንዲሁ እንደምትል ነው። እዚህ ያለን አበሾች በየሻንጣችን ይህን መድኃኒት እንደ ቡና እናመላልሰዋለን፤ እርስ በርስም እንሰጣጣለን። ዛሬ ለእናቴ ደውዬ እነግራታለሁ።

ቀጥ ያለ ነገር

ሐኪሙ ስለ ዶርሙ ያለው ልክ ነው፤ ቃሌን አንስቻለሁ። ሰልፉን ግን አልተውም። የተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ነኝ። ትኩሳት ያለበት ተማሪ ካርድ ሳያወጣ በቀጥታ ጣቱ የሚወጋበት ጠረጴዛ ይከፈት ብዬ በሚቀጥለው ስብሰባ አነሣለሁ። ለታመመ ተማሪ መምህራን የክሊኒክ ወረቀት እስከ ማግሥቱ እንዲቀበሉም።

ሦስተኛ ፎቅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት ቆርቆሮዋን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥናት፤ ስድስታችንም ነበርን፤ ከሆስፒታል የወጣው ጓደኛችን ቆጠራውን ያዘ። አሞክሳሲሊን 23 ፍሬ፣ ከአራት የተለያየ ፋብሪካ። ሲፕሮ 1። ሜትሮኒዳዞል 14። ዶክሲሳይክሊን 6፣ ሁለቱ ቀለጥ ብለው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ቴትራሳይክሊን 9፤ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ለስንት ጉልበት እንደነሰነስኩት አላስታውስም። ስም የሌላቸው ነጫጭ ክኒኖች 11። ከዚህ በፊት እነዚያን ነጫጮች «የሆድ ናቸው» እያልኩ ሰጥቻለሁ። አንዱ ልጅ ከየት አመጣሃቸው ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

በፌስታል አድርገን ወደ ክሊኒኩ ወሰድናቸው። የፋርማሲው ሰውዬ ተቀብሎን በመዝገብ ላይ ጻፈው። በቆርቆሮዋ አሁን ኦአርኤስ፣ ፓራሲታሞል፣ ፋሻ፣ ሳሙና አለ፤ ክዳኑ ላይ የክሊኒኩን የሥራ ሰዓት ለጥፈንበታል። ጉሮሮውን የጠየቀኝን ልጅ ዋሽቼው እንደነበር ነገርኩት። ነገ አብሬው እሰለፋለሁ።

ዝምተኛዋ፣ እባክሽ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልን።

ዝምተኛዋ

በዚያው ማታ ሄድኩ። ትኩሳቴ 38.6 ነበር። ሽንት ሰጠሁ፤ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ጀመሩልኝና ሦስት ቀን ተኛሁ። ውጤቱ ትናንት መጣ፦ ኢ. ኮላይ ይባላል። ወረቀቱ ላይ ሲፕሮፍሎክሳሲን ፊት ለፊት «የለመደ» የሚል አለ፤ ኮትሪሞክሳዞልም እንደዚያው፤ አምፒሲሊንም። በመርፌ የሚሰጡኝ መድኃኒት ግን ይገድለዋል፤ ከሦስት መስመር በታች ነው የተጻፈው፤ ጣቴን እያሳለፍኩ ነው የፈለግኩት። ሐኪሙ በመርፌው አሥር ቀን እስኪሞላኝ እየተመላለስኩ እንድወጋ አዞኛል። የሚወጉኝ የግቢያችን ክሊኒክ ነው። ካርድ ክፍሏ ላይ ያለችዋ ልጅ ዛሬ ጠዋት ስሜን ጻፈች፣ «አይዞሽ» አለችኝ፣ ቀጣዩን ጠራች። ሰባት መርፌ ቀርቶኛል።